አልነሳም ያለ ኮምፒውተር የት ላይ ቆሞ ነው?

አክስቴ ደውለው «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ሞተብኝ» ሲሉኝ መርዶ የሚያረዱ ይመስሉ ነበር። ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት ሲያበሩት ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። «እትዬ፣ ኪቦርዱ ላይ በግራ በኩል ካፕስ ሎክ የሚል ቁልፍ አለ፤ ይጫኑትና መብራት ይበራ እንደሆነ ይዩልኝ» አልኳቸው። «በራ» አሉ። «አሁንም ይጫኑት።» «ጠፋ።» «እንግዲያውስ አልሞተም። ዓይኑን ነው እንጂ ልቡን አላመመውም።» የሞኒተሩ ኬብል ከጀርባ በኩል ግማሽ ወጥቶ ተንጠልጥሎ አገኙት። ገፋ ሲያደርጉት የይለፍ ቃል መጠየቂያው ብቅ አለ።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ አይደለሁም፤ ሥራዬ የሂሳብ መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ዘመድ ወዳጅ የሚደውለው ለእኔ ስለሆነ፣ ያጋጠሙኝን የማይነሱ ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ባለ መስመር ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፤ ቀኑን፣ ምልክቱን፣ የሞከርኩትን፣ በመጨረሻም ያዳነውን። ከሙያዬ የወሰድኩት ልማድ ነው። ሂሳብ አልመጣጠን ሲል መዝገቡ ከላይ እስከ ታች አይሰረዝም፤ የተዛባው መስመር ይፈለጋል።

ይህን በኮምፒውተር ላይ ለመማር ግን ወንድሜን አስከፍየዋለሁ። ኮምፒውተሩ እየተነሳ በሰማያዊ ገጽ ላይ ሲወድቅበት፣ እኔ ያን ጊዜ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ብዬ ዲስኩን ፎርማት አደረግኩት፤ በላዩ የነበረውን ሁሉ አጠፋሁት ማለት ነው። አዲሱ ዊንዶውስም ገና ሲጫን መሀል ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት የጊዜያዊ ማስታወሻ ሰሌዳ፣ ነበር። ከሁለቱ ራሞች አንዱን ብነቅለው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ የልጁ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ፎቶግራፎችም ይኖሩ ነበር። ፎርማት የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ወንድሜ ቀና ብሎ ያየኛል።

የዱላ ቅብብሉ

«አልነሳም አለ» የምንለው ነገር ለአነጋገር ይመቻል እንጂ ብዙ ይደብቃል። የማብሪያውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚሆነው ዱላ ቅብብል ነው። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ቮልቴጁን አስተካክሎ ዝግጁ መሆኑን ሁሉም ዕቃ ለሚሰካበት ትልቅ ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ያመለክታል፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ይነቃና ባዮስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል፤ ባዮሱ ራሙን፣ የምስል ካርዱንና ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ሁሉ ደህና ከሆነ ዲስኩን ፈልጎ ዱላውን ለዊንዶውስ ያቀብላል። ይህ የራስ ፍተሻ የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣም ነበረ፤ ፍተሻው በሰላም ሲያልቅ አንድ አጭር ጢጥ ያሰማ ነበር።

እንግዲህ ዱላው ከማን እጅ እንደወደቀ ማወቅ ነው። ቁልፉ ሲጫን መብራትም ድምፅም ከሌለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራም ወይም የምስል መስመር ነው። የአምራቹን አርማ አሳይቶ ከቆመ ወይም ዲስክ አጣሁ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካወጣ ወደ ዲስኩና ወደ ባዮሱ እንሄዳለን። ዊንዶውስን ጀምሮ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶፍትዌር ነው፤ የወንድሜ ራም እንዳስተማረኝ ግን ብቸኛው ተጠርጣሪ አይደለም።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ከሠራ ወዲህ ምን ተለወጠ? ክፍሉ ተጠርጎ ነበር? ጠረጴዛው ተገፍቷል? መብራት ሄዶ መጥቷል? ዊንዶውስ ማሻሻያ እየጫነ ነበር? «ምንም አልተነካም» የሚለውን መልስ አይመኑ፤ እኔ የራሴንም አላምንም። ከዚያ ከኪቦርድ፣ ከማውስና ከሞኒተር በስተቀር የተሰካውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ውጫዊ ዲስክ፣ ካሜራ። አንድ የተበላሸ የዩኤስቢ ዕቃ ኮምፒውተሩን በሙሉ ሲያግት አይቻለሁ።

ምንም የማይሰማው

ሶኬቱን በጠረጴዛ መብራት ይፈትሹ። ኮምፒውተሩ በማከፋፈያ በኩል የተሰካ ከሆነ ማከፋፈያውን ይዝለሉና በቀጥታ ከግድግዳው ይሰኩት። ከዚያ ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚገባበትን ጫፍ ጠበቅ አድርገው ይግፉት፤ ይህ ጫፍ የገባ መስሎ ግማሽ ላይ መቆም ይወዳል።

ከገመዱ አጠገብ በአንድ በኩል ሰረዝ፣ በሌላው ክብ ምልክት ያለበት ማብሪያ አለ። ሰረዙ ሲጫን በርቷል፣ ክቡ ሲጫን ጠፍቷል። ይህችን ማብሪያ የማውቃት በጣም ቀርቤ ነው። አንድ ቅዳሜ የራሴን ኮምፒውተር አራት ሰዓት ሙሉ ፈታትቼ፣ ራሙን አውጥቼ አስገብቼ፣ ፓወር ሰፕላዩን ለመቀየር ወስኜ ሳለ፣ ዕቃውን ለማውጣት ወደ ጀርባው ሳዞረው ክቡ ተጭኖ አየሁት። ጠዋት አቧራ ስጠርግ በእጀታዬ ነክቼው ኖሯል። በደብተሬ ላይ በዚያ ቀን የተጻፈው «ማብሪያ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

በአሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ ሊኖር ይችላል። የአገርዎ ኤሌክትሪክ 220 ወይም 230 ቮልት ከሆነ 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ አድርገው ቢያበሩት ጭስ ነው የሚያዩት።

ሁሉም ደህና ከሆነ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ጥንቆላ ይመስላል፤ አይደለም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል አንዳንዴ ይቆለፋል፤ ውስጥ የቀረው ቻርጅ እስኪወጣ ድረስም ቁልፉን አይለቅም። መልሰው ይሰኩና ይሞክሩ።

ለላፕቶፕም ይኸው ይሠራል። ቻርጀሩን ነቅለው፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥተው፣ ቁልፉን 30 ሰከንድ ይጫኑ፤ ከዚያ በቻርጀሩ ብቻ ይሞክሩት። ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሰክተው ይተዉት። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች የስልካቸውን ቻርጀር ሰክተው «አይሠራም» ይሉኛል። ብዙ ላፕቶፖች 45 ወይም 65 ዋት ይፈልጋሉ፤ ትንሹ የስልክ ቻርጀር የዚያን ግማሽ እንኳ ላይሰጥ ይችላል። የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ፣ ወይም የማውስ መዳሰሻው ከቦታው ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ አይጫኑት፣ በስለት አይንኩት፤ ለባለሙያ ይስጡት። ውኃ ወይም ሻይ የፈሰሰበትንም ለማየት ብለው እንዳያበሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሰሰ በኋላ የሚደረገው ሙከራ ነው።

አሁን ኬዙን እንክፈት። ገመዱን ነቅለው፣ እጅዎ የያዘውን ስታቲክ ለማስወገድ ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ይንኩ፤ ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ። የጎኑን ክዳን ካወጡ በኋላ ገመዱን መልሰው ሰክተው ማዘርቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ይፈልጉ። ሁሉም ማዘርቦርድ ይህች መብራት የለውም። ካለችና ከበራች ግን ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ የመጠባበቂያውን 5 ቮልት እየሰጠ ነው፤ እንግዲህ ጥርጣሬው ወደ ማብሪያው ቁልፍ ይዞራል።

ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ በተደረደሩ ሹል መርፌዎች ላይ ይሰካሉ። ከእነዚህ ሁለቱ የማብሪያው ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ማዘርቦርዱ ላይ በደቃቅ ፊደል ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ሽቦውን ነቅለው ሁለቱን መርፌዎች በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ያገናኙ። ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ አይነዝርም። ኮምፒውተሩ ከተነሳ የሞተው የፊቱ ቁልፍ ነው። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ነበር። የገጠመው የድሮው ቁልፍ ላይ ስለነበር አዲሱም አልተነሳ፤ ከዚያ ማዘርቦርድ ሊገዛ ሲል ነው የደረስኩት። እኔ እንደ መፍትሔ የዳግም ማስነሻውን ቁልፍ ሽቦ በማብሪያው መርፌዎች ላይ ሰካሁለት፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ በትንሹ ቁልፍ ነው የሚነሳው።

ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ለመፈተሽ ከማዘርቦርዱ ላይ ባለ 24 ቀዳዳውን ትልቅ መሰኪያ ይንቀሉና፣ ከእሱ የሚወጣውን ብቸኛ አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ሽቦ ጋር በታጠፈ የወረቀት መያዣ ያገናኙ። ይህን ሲያደርጉ የግድግዳው ገመድ የተነቀለ ይሁን፤ ካገናኙ በኋላ ይሰኩት። ማራገቢያው ከዞረ ሰፕላዩ ቢያንስ ሕይወት አለው፤ በቂ ኃይል ይሰጣል ማለት ግን አይደለም። መልቲሜትር የሚባለው የቮልቴጅ መለኪያ ካለዎት በቢጫውና በጥቁሩ መካከል ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማንበብ አለበት። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ይህን ሙከራ ይተዉት፤ በግምት የሚገናኝ ነገር አይደለም። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ደግሞ በምንም ምክንያት አይክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ቻርጅ በሚያጠራቅሙት ትናንሽ ዕቃዎች፣ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል። እኔ ብዙ ነገር እደፍራለሁ፤ ይህን ሣጥን ግን ከፍቼ አላውቅም።

አንድ ሁለት ሰከንድ ዞሮ የሚጠፋ ካለ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ይዩ፤ ኮምፒውተር ከፍቶ የገጠመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚረሳው እሱን ነው። ማዘርቦርዱ ሥር የወደቀ ብሎንም ይፈልጉ። ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሙቀት ነው፤ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ መዞሩን፣ ማቀዝቀዣው በአቧራ አለመታፈኑን ያረጋግጡ።

ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

ደብተሬን ሳገላብጥ ግማሹ ገጽ የዚህ ነው። መጀመሪያ ሞኒተሩ ራሱ መብራቱን፣ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ መጥበቁን፣ በሞኒተሩ ቁልፍ የተመረጠው መግቢያም ኬብሉ የተሰካበት መሆኑን ይዩ። ኮምፒውተሩ ለብቻው የተሰካ የምስል ካርድ ካለው ኬብሉ በካርዱ ላይ እንጂ ከላይ ባለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ መሰካት የለበትም። ካርድ የገጠመ ሰው ሁሉ በዚህ አንድ ጊዜ ይሳሳታል።

ላፕቶፕ ከሆነ ክፍሉን አጨልመው በስልክ መብራት ስክሪኑን በጎን በኩል ያብሩበት። ደብዛዛ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው፤ ሌላ ሞኒተር ሰክተው መሥራት ይችላሉ። ካፕስ ሎክ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የምስል ነጂውን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከምስል ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ እንደ አዲስ ያስነሳዋል።

ካፕስ ሎክ መልስ ካልሰጠ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ፍተሻውን አላለፈም፤ አሁን ማዳመጥ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ካለ ጢጥታውን ይቁጠሩ፣ ረጅምና አጭሩን ይለዩ። ትርጉሙ ከባዮስ ባዮስ ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ «ሦስት ጢጥ ሁልጊዜ ራም ነው» የሚልዎትን አይመኑ። ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች በጢጥታ ፋንታ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚሉ አራት ትናንሽ መብራቶች አሏቸው። በርቶ የሚቀረው መብራት ዱላው ከማን እጅ እንደወደቀ በጣቱ ያሳይዎታል።

ዲራም የሚለው ከበራ፣ ወይም መብራቱም ድምፁም ከሌለ፣ ከራም ይጀምሩ። ገመዱን ነቅለው፣ ራሙን በሁለቱ ጫፎች የያዙትን መቆንጠጫዎች ወደ ውጭ ይግፉ፤ ራሙ ራሱ ብድግ ይላል። አንዳንድ ማዘርቦርድ መቆንጠጫ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በሌላኛው በኩል አይታገሉት። ሲያወጡት ጠርዙን እንጂ ወርቃማዎቹን ጥርሶች አይንኩ። ከዚያ ወደ መስኮት ቀረብ ብለው ጥርሶቹን ይመልከቷቸው። ደህና የሆኑት ያብረቀርቃሉ፤ ያመማቸው ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ ጭጋግ ወይም የጣት አሻራ ይታያል። ነጭ የእርሳስ ላጲስ ወስደው ጥርሶቹን ከላይ ወደ ጠርዙ፣ ማለትም ወደ ውጭ ብቻ፣ በቀስታ ይጥረጉ። ወዲያና ወዲህ አይፈትጉት። ላጲሱ ላይ ግራጫ መስመር ይወጣል፤ ያ መስመር ነው ኮምፒውተሩን ያገተው። ፍርፋሪው ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ከማዘርቦርዱ ርቀው ይሥሩት፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጨርሱ።

ሲመልሱት በራሙ ላይ ያለችው ክፍተት ከቀዳዳው ጉብታ ጋር መግጠሟን አይተው፣ በሁለት አውራ ጣት መቆንጠጫዎቹ ቀጭ እስኪሉ ይጫኑ። የሚያስፈልገው ጉልበት ሰው ከሚገምተው ይበልጣል። የብዙ ሰው ራም «የተበላሸው» ያቺን ቀጭ የምትል ድምፅ ሳይሰማ በመተዉ ነው።

ሁለት ወይም አራት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብተው ያስነሱ፤ ካልሆነ በሌላው ይተኩት፤ ካልሆነ ቀዳዳውን ይቀይሩ። አንድ በአንድ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ ያዳነውን አያውቅም። አራት ቀዳዳ ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ለሁለት ራም የሚመረጡት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠሩ ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ዲዲአር 5 የሚባለውን ራም የሚጠቀም ኮምፒውተር ራሙ ሲቀየር ወይም ባዮሱ ሲጸዳ ራሙን እንደገና ለመለማመድ ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስክሪኑ ጥቁር ነው። እኔ እንዲህ ያለውን አንዱን አራት ጊዜ በየደቂቃው አጥፍቼ ልምምዱን ከመጀመሪያው አስጀምሬዋለሁ። በአምስተኛው ሰልችቶኝ ወደ ሌላ ሥራ ሄጄ ስመለስ ተነስቶ ጠበቀኝ።

ራሙ ካልሆነ ባዮሱን ማጽዳት ይቀራል። በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የመሰለች ሲአር 2032 የተባለች ባትሪ አለች፤ ቁጥሯ መጠኗ ነው፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ገመዱን ነቅለው ባትሪዋን አምስት ደቂቃ ያህል አውጥተው ይመልሷት። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር ካለዎት 3 ቮልቷ አልቋል፤ በአዲስ ይተኳት። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባዮስ ሲጸዳ የዲስኩ አሠራር ምርጫም አብሮ ሊቀየር ይችላል፤ ያን ጊዜ ደህናው ዊንዶውስ ዲስኩን አጥቶ በሰማያዊ ገጽ ይወድቃል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነም ባለ 48 አኀዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቅዎታል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት መለያዎ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ባትሪዋን ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ገብተው ያረጋግጡ።

አርማው ወጣ፣ ዊንዶውስ አልመጣም

እዚህ የደረሰ ኮምፒውተር ጭንቅላቱ ደህና ነው። የተረሳ ፍላሽ ካለ ይንቀሉት፤ ባዮሱ ከእሱ ለመነሳት እየሞከረ ይሆናል። ከዚያ እንደበራ ዲሊትን ወይም ኤፍ 2ን ደጋግመው እየተጫኑ ወደ ባዮስ ይግቡ፤ የትኛው እንደሆነ አርማው ሥር በደቃቁ ይጻፋል። እዚያ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ዲስኩ በስሙ ተዘርዝሯል ወይስ አልተዘረዘረም?

ከተዘረዘረ የመነሻውን ቅደም ተከተል አይተው ዲስኩን፣ ወይም «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን፣ ወደ ላይ ያምጡት። ካልተዘረዘረ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የዲስኩን ሁለት ኬብሎች፣ የኃይሉንና የመረጃውን፣ ነቅለው ይሰኩ፤ የመረጃውን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ቀዳዳ ይቀይሩለት። ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም የሚፍቅ ድምፅ የሚያሰማ የድሮ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ካለ ግን ሙከራውን እዚያው ያቁሙ። እያንዳንዱ ማስነሳት የቀረውን ሊፍቀው ይችላል። ውስጡ ያለው ነገር የሚያስፈልግዎት ከሆነ መረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።

እዚህ ገጽ ላይ የማልረሳት አንዲት መልእክት አለች፤ ኪቦርድ አልተገኘም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ ትላለች። በምን ልጫን?

ዊንዶውስ ጀምሮ ሲወድቅ

ሦስት ጊዜ መሞከር ነው ዘዴው። የዊንዶውስ አርማ ሲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ፣ ወደ 10 ሰከንድ፣ ተጭነው ያጥፉት፤ ይህን ሁለት ጊዜ ካደረጉ በሦስተኛው ዊንዶውስ ራሱ ወደ መጠገኛው ገጽ ይወስድዎታል። ማሻሻያ እየጫነ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍና መቶኛ ካሳየ ግን አያጥፉት፤ የሚንቀሳቀስ ባይመስልም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይተዉት።

በመጠገኛው ገጽ ላይ በቅድሚያ የምሞክረው ስታርታፕ ሪፔርን ነው፤ ብዙ ጊዜ አልተሳካልኝም ይላል፤ ቢሆንም ጉዳት የለውም። ቀጥሎ፣ ችግሩ ከማሻሻያ በኋላ ከመጣ፣ የመጨረሻውን ማሻሻያ የሚያነሳውን ምርጫ። ከዚያ ስታርታፕ ሴቲንግስ ገብተው ዳግም ሲነሳ 4ን በመጫን ሴፍ ሞድ፤ ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልገው ብቻ የሚነሳበት ነው። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ከተነሳ ራሱ ዊንዶውስ ደህና ነው፤ የሚጥለው በላዩ የተጫነ ነገር ነው፤ በቅርቡ የገባውን ነጂ ወይም ፕሮግራም ያውጡ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት ባሰራጨው የተበላሸ ማሻሻያ ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እየተነሱ ሲወድቁ፣ መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ ጥፋተኛውን ፋይል ማጥፋት ነበር። ለዚህ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አላስፈለገም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ ወይም ሰማያዊው ገጽ በመጣ ቁጥር የተለያየ ስህተት የሚጽፍ ከሆነ፣ ወደ ራም ይመለሱ። በየጊዜው የሚለዋወጥ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሶፍትዌር ጠባይ አይደለም።

ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን ከተገደዱ ፋይሎችዎን አስቀድመው ያውጡ። በሌላ ኮምፒውተር ላይ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ኡቡንቱን፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ሌላ ሲስተም፣ ያዘጋጁ፤ ፍላሹ ላይ የነበረው እንደሚጠፋ ልብ ይበሉ። ከፍላሹ ተነስተው መጫኑን ሳይሆን መሞከሩን ይምረጡ፤ ዲስኩን ሳይነካ ይነሳል። ፋይሎችዎ በተለመደው አቃፊ ውስጥ ይታያሉ፤ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዷቸው። ቢትሎከር ካለ ያችኑ ባለ 48 አኀዝ ቁልፍ ይጠይቃል።

ለባለሙያ ሲሰጡ

ያበጠ ባትሪ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ጫፋቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ያሉበት ማዘርቦርድ፣ የሚፍቅ ዲስክ፤ እነዚህ የእኔም የእርስዎም ሥራ አይደሉም። ሲወስዱት ግን «አይሠራም» ብቻ ብለው አይስጡት። ማራገቢያው መዞር አለመዞሩን፣ ካፕስ ሎክ መልስ መስጠቱን፣ ስንት ጢጥ እንደሰሙ፣ ምን እንደሞከሩ በአንድ ወረቀት ጽፈው ይስጡ። ችግሩ የኤሌክትሪክ ከሆነና ዲስኩን ማውጣት ከቻሉ ዲስኩን ቤት ያስቀሩት። እኔ ካልቻልኩ በኬዙ ላይ «ሳይደወልልኝ ፎርማት አይደረግ» የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ።

ባለፈው የወንድሜ ኮምፒውተር አልነሳም ብሎ ስሄድለት ወረቀቱ አስቀድሞ ተለጥፎ ጠበቀኝ፤ በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ በትልልቁ፣ ከሥሩም የእኔ ስም ተጽፎበት። ችግሩ ከጀርባ የተረሳ ፍላሽ ነበር።